ልብም ጡንቻ ነው

አንድ ሐኪም ነበሩ። የሚኖሩት በአንድ የሐይቅ ዳር ከተማ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አሳ አጥማጆችና አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በአንድ መረብ የሚሻሙባት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ የሚነሳባት ከተማ። ስማቸው ዶክተር ኅሩይ ነበር። የአገሩ ሰው ግን «የልጆቹ ሐኪም» ይላቸዋል። ሌላው ሐኪም «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ የመለሳቸውን ልጆች የሚቀበሉት እሳቸው ነበሩና።

እነዚያ ልጆች ሲወለዱ ደህና ናቸው። ይድሃሉ፣ ይቆማሉ፣ ይሄዳሉ። ከፍ ሲሉ ግን ያለ ምክንያት መውደቅ ይጀምራሉ። ከመሬት ሲነሱ ጭናቸውን በእጃቸው እየገፉ ነው። ቆይቶ እግራቸው ይሰንፋል፣ ከዚያ ክንዳቸው፣ በመጨረሻም ትንፋሻቸው። በሽታው ከዘር የሚመጣ ነው። ሰውነታቸው ጡንቻን እንዴት እንደሚያሳድግና እንደሚጠግን የሚነግረው ትእዛዝ ሲጻፍ አንድ መስመር ተዘሎበታል።

ዶክተር ኅሩይ ዕድሜያቸውን የፈጁት ያንን የተዘለለ መስመር መልሶ በመጻፍ ነው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ትእዛዙን ጉዳት በማያደርስ፣ በተገራ ቫይረስ አሸክመው ወደ ልጆቹ ሰውነት የሚያስገቡበትን መንገድ አገኙ። የዘረ-መል ሕክምና ይባላል። አንድ ጊዜ ይወጋል፣ ከዚያ በኋላ ጡንቻው ራሱ «እደግ፣ ተጠገን» የሚለውን ቃል እየሰማ ይኖራል። ሸሚዙን መቆለፍ ያቃተው ልጅ ቆልፎ ሲመጣ እናቱ ከሐኪሙ እግር ስር ልትወድቅ ትደርሳለች። እሳቸውም «ተነሺ፣ ተነሺ፤ ይልቅ ሸሚዙን አጣሞ ነው የቆለፈው፤ አስተካክይለት» እያሉ እንባቸውን ይደብቃሉ።

ነገር ግን ሕክምናው አንድ ጽኑ ሕግ ነበረው። ያለውን ጡንቻ ይጠብቃል እንጂ የሄደውን አይመልስም። ስለዚህ ልጁ በእግሩ እየሄደ ሳለ መድረስ አለበት። መድኃኒቱም ለእያንዳንዱ ልጅ በስሙ፣ በክብደቱ ልክ ተለክቶ፣ በብዙ ድካም የሚሠራ ነው።

ዶክተር ኅሩይ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ሐመልማል ትባላለች። እናቷ ያረፈችው እሷ ገና ድክ ድክ ስትል ነው። አባቷ አባትም እናትም ሆነው አሳደጓት። ጸጉር መሥራት ተማሩ፤ ትምህርት ቤት ስትገባ ሹሩባዋ ወደ አንድ ጎን የተንጋደደ ቢሆንም በልጆቹ ሁሉ ፊት ኮርታ ትሄድ ነበር፣ «አባዬ ነው የሠራኝ» እያለች። እንደ ዓይናቸው ብሌን ይሳሱላት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሐመልማል አድጋ ሯጭ ሆነች። አሯሯጧ ያምር ነበር፤ ያየ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ዳሩ ግን አንድ ዕድል ተነፈጋት። ለታላቁ የዓለም ውድድር የሚመረጡት በአገር አቀፉ ውድድር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡት ናቸው፤ እሷ ደግሞ ሁልጊዜ አራተኛ ናት። መጨረሻው ሲቃረብ እግሯ ይከዳታል፤ አንዷ ከኋላ መጥታ ትቀድማታለች።

«አራተኛ መውጣት መጨረሻ ከመውጣት ይብሳል» ትል ነበር። «መጨረሻ የወጣ ሰው ተስፋ ቆርጦ ያርፋል። አራተኛ የወጣ ግን ቆሞ የሌሎቹን ሜዳሊያ ያያል።»

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ተቀምጠው ሳለ ሐመልማል ሳህኗን ገፋ አደረገችና ጠየቀች።

«አባዬ፣ ለልጆቹ የምትሰጠውን ለጤነኛ ሰው ብትሰጠው ምን ይሆናል?»

ዶክተሩ የጎረሱትን ቀስ ብለው ዋጡ። «ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲሁ።»

«ይህ እንዲሁ የሚጠየቅ አይደለም።»

«እሺ፣ ለእኔ ብትሰጠኝ ምን እሆናለሁ?»

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «እነዚያ ልጆች የጎደላቸው ነገር አለ። እኔ የምሰጣቸው የጎደላቸውን ነው። አንቺ ምን ጎድሎሻል?»

«ትንሽ» አለች ሐመልማል። «በጣም ትንሽ ነገር ነው የጎደለኝ። የሚያቃጥለኝም ትንሽነቱ ነው።»

«ይህ እንደ ክኒን ሲተዉት የሚተው አይደለም። አንዴ ከገባ የሰውነትሽ የራሱ ቃል ይሆናል። ነገ ልመልሰው ብል መንገዱን አላውቀውም። ደግሞ ማታለል ነው። ሌሎቹ በእግራቸው እየሮጡ አንቺ በእኔ ቤተ ሙከራ ልትሮጪ ነው?»

ሐመልማል ሳህኖቹን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ነገሩም ያለቀ መሰለ።

አላለቀም። የሚቀጥለው አገር አቀፍ ውድድር ደረሰና ሐመልማል አሁንም አራተኛ ወጣች። ከዋና ከተማው የተመለሰች ዕለት አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። የሩጫ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታይ ጀመር። ምግብ አስጠላት። አሰልጣኟ ደጋግሞ ቢደውል አታነሳም። አባቷ ከሥራ ሲመለሱ ጠዋት ትተዋት ከሄዱበት ቦታ ሳትነሳ ያገኟታል። ያሳደጓት ልጅ በቁሟ እየጠፋች መሰላቸው፤ የሌሎችን ልጆች ጡንቻ እያዳኑ የራሳቸው ልጅ ልብ እጃቸው ላይ ሲሞት ማየት አንጀታቸውን በላው።

በመጨረሻ አንድ ቀን ተናገረች።

«አንተ እምቢ ካልክ እንዲህ ያለውን የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ከውጭ ያስመጣሉ። ሁለት የማውቃቸው ሯጮች ወስደዋል።»

«ምን እንዳለበት ያውቃሉ?»

«አያውቁም። እኔም አላውቅም። ግን እወስዳለሁ።»

ሰይጣን ቀንድ አብቅሎ አይመጣም ይባላል። ዶክተር ኅሩይ ዘንድ የመጣው የአባትነት ልብስ ለብሶ ነው። «በማላውቀው እጅ ተወግታ ከምትሞትብኝ በእኔ እጅ ትወጋ» አሉ በልባቸው። «በንጹሕ መርፌ፣ በትንሽ ልክ፣ እየተከታተልኩ።» እንዲህ ሲያስቡት ነገሩ ጥፋት መምሰሉ ቀርቶ ጥበቃ መሰለ።

በዚያው ሰሞን ሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ የአንድ ልጅ መድኃኒት ተቀምጦ ነበር። ልጁ ምናሴ ይባላል። እናቱ ታደለች በሐይቁ ዳር አሳ እያጸዳች የምትሸጥ ወጣት ሴት ናት። ምናሴ ነገረኛ ልጅ ነው፤ ሐኪሙን ባየ ቁጥር «ዶክተር፣ የእርስዎ ጸጉር የት ሄደ?» ይላል። የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ እየተንገዳገደም ቢሆን በእግሩ ይሄድ ነበር። ሊወጋ በተቀጠረበት ሳምንት ትኩሳት ያዘውና እስኪያገግም ተላለፈ።

ዶክተሩ አሰላሰሉ። ምናሴ ለጊዜው አይወጋም። የቀጣዩ ዙር መድኃኒት ሊሠራ ቀርቧል። ከዚያኛው ጋር ለእሱም ምትክ ያሠሩለታል። ማንም አይጎዳም፣ ማንም አያውቅም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ክፍሉ ባዶ በሆነበት በጠራራ ፀሐይ፣ ሐመልማልን ልጆቹ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀመጧት። ግድግዳው ላይ ልጆች እንዳይፈሩ ተብሎ የተሳለ ቀጭኔ ነበር።

«ያማል?» አለች።

«ትንሽ ነው። ቀጭኔውን እያየሽ ቆይ» አሉ፤ ለልጆቹ የሚሉትን። መርፌውን ነቅለው ቦታውን በእጃቸው በጥጥ ጫን አድርገው ያዙ።

ሐመልማል ያንን እጅ ስባ ሳመችው። ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለች። ዶክተሩ ለዚያ ፈገግታ ሲሉ ነበር ሁሉን ያደረጉት፤ ሆኖም ባዩት ጊዜ የጠበቁት ደስታ አልመጣላቸውም።

ምናሴ ትኩሳቱ ለቀቀውና ታደለች ይዛው መጣች። ዶክተሩ የምትሰማውን ቃል ቤት ሆነው ሲያዘጋጁ ነበር የሰነበቱት።

«መድኃኒቱ ተበላሽቷል» አሏት። «ማቀዝቀዣው ችግር ገጥሞት። ሌላ እስኪመጣ ጥቂት መታገስ ነው።»

ታደለች ፊቷ ለአፍታ ጠቆረ። ወዲያው ግን የሐኪሙን ፊት አየችና አዘነችላቸው።

«እርስዎ ምን ያድርጉ ዶክተር» አለች። «አይዘኑ። ስንጠብቅ ኖረናል፤ አሁንም እንጠብቃለን።»

የበደሏት ሴት ስታጽናናቸው ቆመው ሰሙ። አንዳንድ ቅጣት እንዲህ በለሆሳስ ነው የሚጀምረው።

ቀጣዩ መድኃኒት በተባለው ጊዜ አልመጣም። ለመሥሪያ የሚያስፈልግ ዕቃ ከውጭ ዘገየ፤ አንዱ ወር ለሌላው ወር እያቀበለ ሄደ። ሐመልማል ደግሞ ተለወጠች። ልምምድ አያደክማትም። ዳገት ስትወጣ ሜዳ ላይ የምትሮጥ ይመስላል። አሰልጣኟ «ይህቺ ልጅ ምን ነካት?» እያለ በደስታ ይገረማል። ከተመረጡት አንዷ ተጎድታ ስለነበር ማሟያ ውድድር ተደረገ፤ ሐመልማል ቦታውን ወሰደች። ከዚያ ወደ ታላቁ የዓለም ውድድር ሄደች፤ መጨረሻው ሲቃረብ እግሯ አልከዳትም። አንደኛ ወጣች።

ከተማዋ ጎርፍ እንደ መጣ ሁሉ ወደ አደባባይ ፈሰሰች። ባጃጆች ጥሩምባቸውን አሰሙ። የአሳ ገበያው ሴቶች በእልልታ ሐይቁን አናወጡት፤ ታደለችም ከእነሱ ጋር ነበረች። በማግስቱ የተጠበሰ አሳ በሳህን ሸፍና፣ ምናሴን ይዛ ወደ ሐኪሙ ቢሮ መጣች።

«የልጅዎ ደስታ የእኛም ደስታ ነው» አለች።

ዶክተሩ ግን አሳውን አላዩም። ያዩት ምናሴን ነው። ጀርባዋ ላይ ታዝሎ ነበር።

«ለምን አዘልሽው?»

«ባለፈው ወደቀና ከዚያ ወዲህ እግሩ እምቢ አለ» አለች ታደለች። «መድኃኒቱ ሲመጣ ይነሳል አይደል ዶክተር?»

ምናሴ ከእናቱ ትከሻ በላይ አጮልቆ «ጸጉርዎ ከተመለሰ የእኔም እግር ይመለሳል» አለና ሳቀ።

ሐኪሙ መልሱን ያውቁታል። ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቀው ሰው በአገሩ አልነበረም። «እናያለን» ብቻ አሉ። እናትና ልጅ ሲወጡ በሩን ዘግተው ተቀመጡ፤ አሳው እስኪቀዘቅዝ፣ ከቀዘቀዘም በኋላ።

ሐመልማል ሜዳሊያዋን ይዛ ስትመለስ የከተማዋ ሰው በአበባ ተቀበላት። አባቷ አቅፈው ሳሟት። ስለ ምናሴ አልነገሯትም፤ በዚያ ቀን ደስታዋን ሊሰብሩባት አልደፈሩም። ቀኑ አለፈ፣ ሌላም ቀን አለፈ፤ ያልተነገረ ነገር ደግሞ ሲቆይ ይከብዳል።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ሐመልማል ለሌላ ውድድር ስትዘጋጅ የቤታቸውን ደረጃ ወጥታ ትንፋሽ አጠራት። ድካም ነው አለች። በሌላ ቀን መኝታ ላይ ሆና ልቧ ደረቷ ውስጥ በኃይል ሲመታ ሰማች። ነፋስ መታኝ አለች። ከዚያ ልምምድ ላይ ሳለች ዓይኗ ጨለመና ሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ላይ ተዘረረች። ይዘው ያመጧት ጓደኞቿ ናቸው።

ዶክተሩ ራሳቸው የልብ ምስል የሚያሳየውን መሣሪያ ደረቷ ላይ አድርገው ስክሪኑን አዩ።

ልብም ጡንቻ ነው። «እደግ» የሚለውን ቃል ሲያስገቡባት ለእግሯ ብቻ ብለው ነበር ያሰቡት፤ ቃሉ ግን አድራሻ አይመርጥም። ጭኗም ሰማው፣ ክንዷም ሰማው፣ ልቧም ሰማው። በታመመ ልጅ ሰውነት ውስጥ ቃሉ የሚያርፍበት ጉድለት ነበረ፤ ጉድለቱን ሲሞላ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። በእሷ ሰውነት ውስጥ ግን የሚሞላ ጉድጓድ አልነበረም። ስለዚህ ያለውን ይከምር ጀመር።

«ምን አየህ?» አለች ሐመልማል።

አንድ ጊዜ ዋሽተዋል። ሁለተኛ መዋሸት አልሆነላቸውም።

«ልብሽ አድጓል።»

«ማደጉ ጥሩ አይደለም እንዴ?»

«የቤት ግድግዳ ወደ ውስጥ ሲወፍር ክፍሉ ይጠባል ልጄ። ደም የሚያርፍበት ቦታ እያጣ ነው።»

«እንግዲያው መልሰው።»

«አልችልም።»

ዶክተሩ ቀጠሉ። የልቧን ሸክም የሚያቀል መድኃኒት እንዳለ ነገሯት፤ ተጠንቅቃ ከኖረች ዕድሜ እንዳላት ነገሯት። መሮጥ የሚለውን ቃል ሊጨርሱት አልቻሉም። እሷም እንዲጨርሱት አልጠየቀችም።

ከዚያ በፊት አንድም ቀን ያልጠየቀችውን ጠየቀች።

«የሰጠኸኝ የማን ነበር?»

«የአንድ ልጅ። ምናሴ ይባላል።»

«አሁን እንዴት ነው?»

«መሄድ አቁሟል።»

ሐመልማል ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ለራሷ ያላለቀሰችው ለቅሶ ያኔ መጣ። አባቷ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት፤ የመንካት መብት እንዳላቸው እርግጠኛ አልነበሩም።

«ለምን እምቢ አላልከኝም?» አለች፤ በቁጣ አልነበረም፤ ድምጿ እንደ ሕፃን ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ነበር።

«ስለምወድሽ ነው።»

«ትንሽ ሳለሁ ጥርሴ ተበልቶ ከረሜላ ስጠኝ ብዬ አለቅስ ነበር። መሬት ላይ ተንከባልዬ ስጮህ አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ፣ ጀርባዬን ታሻለህ፣ ከረሜላውን ግን አትሰጠኝም። ያን ጊዜ አትወደኝም ነበር አባዬ?»

ይህን ጊዜ የተከበሩት ሐኪም እንባቸውን አልደበቁም።

በማግስቱ ዶክተር ኅሩይ ለሆስፒታሉ ኃላፊዎች ያደረጉትን ሁሉ ተናገሩ። ያመካኙበት ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ በእሳቸው ጥፋት የልጆቹ ሕክምና እንዳይዘጋ። ኃላፊዎቹ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ሥራውን ለሌላ ሐኪም ሰጡት። ዶክተር ኅሩይ ነጩን ካባቸውን አስረክበው ወጡ፤ የሐኪምነት ፈቃዳቸውም ተነጠቀ። ሐመልማልም ያለ ማንም ግፊት እውነቱን ተናግራ ሜዳሊያዋን መለሰች። በማሟያው ውድድር ቦታዋን ወደተነጠቀችው ልጅ ቤት ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። ልጅቷ በሩን ከፍታ ሰማቻትና «ያ ውድድር ግን አይደገምም» አለቻት። እውነቷን ነበር። በአበባ የተቀበላት የከተማዋ ሰውም አንገቱን ደፋ፤ አንዳንዱ ሰደባት፣ አንዳንዱ አዘነላት።

ለዶክተሩ ከሁሉ የከበደው የሐይቁ ዳር መንገድ ነበር። ታደለች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የአሳ ቅርፊት ትፍቃለች። ምናሴ ከጎኗ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ወፎቹን ያባርራል። ዶክተሩ ቆመው፣ ሳይቀመጡ፣ ሁሉንም ነገሯት። ማቀዝቀዣው እንዳልተበላሸ፣ መድኃኒቱን ለማን እንደሰጡት፣ ያን ጊዜ ቢወጋ ኖሮ ምናሴ ዛሬ ይቆም እንደነበር።

ታደለች ቢላዋዋን አላቆመችም። የያዘችውን አሳ ጨረሰች፣ ሌላ አነሳች፣ እሱንም ጨረሰች።

«እኔም እናት ነኝ» አለች በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል። «ልጄን ለማዳን ብዬ የእርስዎን ልጅ መድኃኒት ብሰርቅ ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። የእርስዎ ልጅ ግን አልታመመችም ነበር።»

ዶክተሩ አንገታቸውን ደፉ። «ይቅርታሽን ልለምን ነው የመጣሁት።»

«ይቅር ብዬዎታለሁ ብል አፌ ነው የሚለው» አለች። «ሆዴ ገና ነው። እኔ ስጠብቅ ኖሬያለሁ ዶክተር። እርስዎም ይጠብቁ።»

ከዚያ ወዲህ ምናሴ መድኃኒቱን አገኘ። እግሩ አልተመለሰም። ክንዱና ትንፋሹ ግን ተረፉለት፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። የታደለች ዘመዶች «ያን ሰው ደጅሽ እንዳታስደርሺው» ቢሏትም፣ የልጇ እግር እንዳይኮማተር በየጊዜው መታሸትና መሳሳብ ነበረበት፤ ያንን ደግሞ ከዶክተር ኅሩይ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ይመጣሉ። ሐኪም ሆነው አይደለም የሚመጡት። ወለሉ ላይ ተንበርክከው የልጁን እግር እያሹ ስለ ጸጉራቸው የሚሰነዘረውን ቀልድ ሁሉ ይሰማሉ። ታደለች ሥራዋን ትሠራለች፤ ከሰላምታ በላይ አታናግራቸውም።

ሐመልማል መጀመሪያ ለመምጣት ፈርታ ነበር። የመጣች ቀን ምናሴ ከእግር እስከ ራስ አያትና «አንቺ ነሽ ቴሌቪዥን ላይ የሮጥሽው?» አላት።

«እኔ ነኝ። ግን የሮጥኩት በአንተ መድኃኒት ነበር።»

ልጁ ጥቂት አሰበ። «ፈጣን ነበርሽ» አለ። ከዚያ ተሽከርካሪ ወንበሩን እያሳየ «ይህን እየገፋሽ በሐይቁ መንገድ ሩጪ» አላት።

«መሮጥ አልችልም። ልቤን ያመኛል።»

«እኔ እግሬን ነው የሚያመኝ» አለ ምናሴ። «እንግዲያው ቀስ እንበል።»

ቀስ አሉ። ያ መንገድ ሐመልማል ዕድሜዋን ሙሉ የሮጠችበት ነው፤ ሆኖም ውሃው ዳር ያለው ሾላ ላይ ስንት ዓይነት ወፍ እንደሚያርፍ ያወቀችው ያን ቀን ነው። ምናሴ የሁሉንም ስም ያውቅ ነበር፤ የማያውቀውን ደግሞ ራሱ ያወጣለታል። ትንፋሽ ሲያጥራት ትቆማለች፣ እሱም ሳይጠየቅ ይጠብቃታል። እንዲህ እያሉ ከሰዓት በኋላዎቹን ያሳልፉ ጀመር።

አንድ ቀን እነሱ በመንገዱ ርቀው ሲሄዱ ዶክተር ኅሩይ እንደ ልማዳቸው ከታደለች ደጃፍ ፈንጠር ብለው ቆመው ያዩአቸው ነበር። የሐይቁ ነፋስ ተነስቶ ቀዝቅዟል። ታደለች ከቤት ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ ዱካ፣ ይዛ ወጣችና አጠገባቸው አስቀመጠችው።

«ይቀመጡ እንጂ» አለቻቸው። «እስኪመለሱ ይቆያሉ።»

ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም። ዶክተሩም አልጠየቁም። ዱካው ላይ ተቀመጡ፤ ልጆቹ እስኪመለሱ ሁለቱም አንዱን መንገድ ሲያዩ ቆዩ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ ይህን ልብ ይበል። የታመመን ሰው ለማዳን የተሰጠ ጥበብ ታላቅ በረከት ነው፤ ያንኑ ጥበብ ምንም ባልጎደለው ሰው ላይ ሲጭኑት ግን በረከቱ ሸክም ይሆናል። ሰውነት አደራ ነው፤ ያልጎደለውን ሲሞሉት የነበረውን ያጣብባል። ከሌላው ቀድመን ለመድረስ የምንወስዳት «ትንሽ ነገር» ደግሞ ከሰማይ አትወርድም፤ ፊቱን ከማናየው፣ ተራውን ከሚጠብቅ ከአንድ ሰው እጅ የተነጠቀች ናት።

ዶክተር ኅሩይ ክፉ ሰው አልነበሩም። የጎዱትም በጥላቻ አልነበረም፤ እምቢ ማለት ባልቻለ ፍቅር ነው። ልጅ ሲያለቅስ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ጀርባውን እያሹ፣ የሚጎዳውን አለመስጠት ከመስጠት ይልቅ ብዙ ፍቅር ይፈልጋል።

እናንተስ? ከምትወዱት ሰው እንባ ፊት ቆማችሁ «አይሆንም» ማለት አቅቷችሁ የሰጣችሁት ነገር የለም? ካለስ፣ የማን ድርሻ ነበር?